ባለ አረንጓዴ ዘርፉ ጥላ

ከፋይ ሲተኮስ የራሱ ሽታ አለው። የቆየ አቧራ፣ ካምፎርና ትንሽ ነካ ያደረገው የተቃጠለ ፀጉር ተደባልቀው የሚሸቱት ዓይነት ነው። ዘንድሮ ታኅሣሥ ሲገባ፣ ጅቡቲ፣ አርሂባ ሠፈር ባለችው ቤቴ፣ ማራገቢያው ከራሴ በላይ እየተንቋቋ፣ ለቁልቢ ገብርኤል የተሳልኩትን የከፋይ መጋረጃ ስተኩስ ይኸው ሽታ ድንገት አፍንጫዬን ሞላውና ካውያውን ጨርቁ ላይ ረስቼ ጠርዙን ለጥቂት ሳላሳርረው ቀረሁ። የልጅ ልጄ በሰላም ብትወለድ ብዬ የተሳልኩት ስለት ነው። ልጅቱ ተወልዳለች፣ ጉልበቴ ግን እምቢ ብሎኛል፤ ስለዚህ በሰው እጅ ልልከው ነበር። የምትወስድልኝ ህሊናም ወዲያው ደረሰች። ህሊና ከእኛ በላይ ካለው ቤት የምትኖር፣ አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ የምትሠራ፣ ለንግሡ ፈቃድ ወስዳ ወደ ቁልቢ የምትሄድ ጎረቤቴ ናት።

«እትዬ ሰናይት፣ ምንም አያስቡ፤ ሳስረክብ ፎቶ አንስቼ እዚያው ቆሜ እልክልዎታለሁ» አለችኝ፣ ስልኳን ከፍ አድርጋ እያሳየችኝ።

እኔ ፎቶ አልጠየቅኳትም። ማንም ሳይጠይቃት ማስረጃ የምታቀርበው ምን አስባ ነው ብዬ ጠረጠርኳት፤ ወዲያው ደግሞ በራሴ ሳቅኩ። የእናቴ ልጅ ነኛ!

እናቴ ወይዘሮ አስካለ ጥርጣሬን እንደ ሙያ የያዘች ሴት ነበረች። የሶማሌዋ ወተት ሻጭ በራችን ላይ ስትደርስ እናቴ መጀመሪያ ሴትዮዋን፣ ቀጥሎ ጣሳውን፣ በመጨረሻ ወተቱን ትመረምራለች፤ አንድ ጠብታ አውራ ጣቷ ጥፍር ላይ ታደርግና ፈጥኖ ከወረደ «ሌሊቱን ዝናብ ነበር እንዴ?» ትላታለች፣ ዓመቱን ሙሉ ደመና በማይታይበት ከተማ። ጎረቤት በቀን ሁለት ጊዜ ሰላም ካላት፣ ከሁለተኛው ሰላምታ ጀርባ ያለውን ነገር ስታወጣና ስታወርድ ታመሻለች። የስኳሩን ጣሳ ስትዘጋ ላዩን በማንኪያ ጀርባ ደልድላ መስቀል ታሰምርበታለች፤ እኔና ወንድሜ ያን መስቀል መልሰን መሥራት የተማርነው ፊደል ከመቁጠራችን በፊት ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፣ ሰላም ያለውን ሁሉ ወንድሜ የሚል ሰው። እሷ «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ስትለው፣ እሱ «አንቺ ስንጥሩን ስትፈልጊ ገንፎው ቀዘቀዘ እኮ፣ አስኩ» ይላታል። ሁለቱም አይሰማሙም፣ ሁለቱም አይጣሉም።

ታናሽ ወንድሜ ኃይሉ ደረቱ ያፏጭ ነበር። በሐምሌ በረሃውን ተሸክሞ የሚመጣው፣ ኸምሲን የሚሉት ነፋስ ሲነሳ ከተማው በሙሉ መስኮቱን ይዘጋል፤ አቧራውን ግን ምንም አያግደውም፤ ከትራሳችን ሥር፣ ከዳቦው መሐል፣ ከኃይሉ ደረት ውስጥ እናገኘዋለን። አንድ ሐምሌ ላይ ልጁ ትንፋሽ አጥሮት ከንፈሩ ሲጠቁር፣ እናቴ አልጋው ሥር ተንበርክካ «ይኼን ልጅ ተውልኝ፤ የወርቅ ዘርፍ ያለው የከፋይ ጥላ አገባልሃለሁ» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጁ ተነሳ፤ በሳምንቱ ደጅ ወጥቶ ጣሳ ሲረግጥ ዋለ። ገብርኤል የድርሻውን አድርጓል፣ ተራው የእናቴ ሆነ።

ያን ጊዜ ጅቡቲ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ጥላ የሚሸጥበት ሱቅ አልነበረም። እናቴ ካርቲዬ ሁለት የሚባል ሠፈር ወዳለው ሐረሪ ልብስ ሰፊ፣ ወደ ሐጂ ዩሱፍ ሄደች። ሐጂ ዕድሜ ልካቸውን ሽርጥና የወታደር ሱሪ ሲሰፉ የኖሩ እንጂ ጥላ ሰፍተው አያውቁም፤ ለማን እንደሆነ ሲሰሙ ግን «ጅብሪል የኛም ነው» ብለው የተሰበረ የፀሐይ ጥላ አጥንት ጠግነው ቀዩን ከፋይ ወጠሩበት። ዙሪያውን ከምኒልክ አደባባይ የተገዛውን የወርቅ ቀለም ዘርፍ አዞሩለትና መጨረሻው ክንፍ ላይ ሲደርሱ ዘርፉ አለቀ። ሱቁም ጨርሷል፣ ሌላ የጫነ መርከብ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ሐጂ ከአንድ ፈረንሳዊ ቤት መጋረጃ የተረፈ አረንጓዴ ዘርፍ ከሣጥናቸው አውጥተው ጎደሎውን ሞሉት። እናቴ ጥላውን ይዛ ቤት ከገባች በኋላ፣ ሐጂ ሆን ብለው የመስጊዱን ቀለም አስገብተውብኝ ይሆን ብላ ሳምንት ሙሉ ጠረጠረች። አባቴ ይህን ሲሰማ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ደጅ ወጣ።

ስለት ወሳጁ ጋሽ መኩሪያ ነበር። ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ማራገቢያና ፍሪጅ የሚጠግን ሰው ነው፤ በዚህ ከተማ ማራገቢያ ጠጋኝ ከሐኪም እኩል ይከበራል። በየዓመቱ ለታኅሣሥ ገብርኤል ከየሠፈሩ ሐበሻ ስለት ይቀበልና በአንድ ትልቅ ዘንቢል ይዞ በባቡር ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ በእግሩ ቁልቢ ያደርሳል። ደንቡ የታወቀ ነበር። ባለቤቱ ስለቱን ራሱ በጨርቅ ይጠቀልላል፣ ራሱ በመርፌ ይሰፋዋል፣ ጋሽ መኩሪያ ደግሞ ስፌቱን ሳይነካ ከነባለቤቱ ክርስትና ስም ያስረክባል። ምን እንዳለበት አይጠይቅም፤ ሊነግሩት ሲጀምሩ ጆሮውን በሁለት እጁ ይይዛል። ሲመለስ ለየቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁንጥር እምነት፣ ያን የተባረከ አመድ፣ ያመጣል፣ ሰዉም ግንባሩን ተቀብቶ ያመሰግነዋል። ደረሰ ወይ ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም። መጠየቅ ነውር ነበር።

እናቴም ጥላውን ጠቅልላ፣ ሰፍታ ሰጠችው፤ ሲመለስም ነውሩን ስለምታውቅ ጮክ ብላ አልጠየቀችም። ግን የሰጣትን እምነት በጣቷ አንስታ አሸተተችና «አመድማ ከኔ ምድጃም አይጠፋ» አለች፣ እሱ ከወጣ በኋላ። ከዚያ በተረፈ የሚያስጨንቃት አንድ ጥያቄ ነበር። ይህ ሰው ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ለማን ብሎ ነው በየዓመቱ ያን ሁሉ ዳገት የሚወጣው?

ሐምሌ ሲመለስ ኸምሲንም ተመለሰ፣ የኃይሉም ደረት አብሮ። እናቴ ትራሱ ሥር ቁጭ ብላ ፉጨቱን እያዳመጠች ነገሩን አንድ በአንድ አሰበችው። ገብርኤል ቃሉን አያጥፍም፤ እኔም ቃሌን አላጠፍኩም፤ እንግዲህ በመሐላችን ያለው ማነው? ስለቱ ሳይደርስ ቀርቶ ከሆነ ደግሞ የሰጠው መልአክ መልሶ ይወስዳል፣ የሚወስደውም ልጇን ነው። ስለ ወተቱና ስለ ስኳሩ ስትጠረጥር እንስቅባት ነበር፤ በዚህኛው ግን ማንም አልሳቀም፣ አባቴ እንኳ። ለታኅሣሥ ልጆቿን ይዛ በእግሯ ልትሄድ ወሰነች፣ ከጋሽ መኩሪያ ጋር፣ ዓይኗን ከሱ ሳትነቅል። ይህን የመጨረሻውን አልነገረችውም። እሱ እንዲያውም ደስ ብሎት «ልጁን እኔ እሸከምልሻለሁ» አላት።

ድሬዳዋ ከባቡር ወርደን የመጀመሪያውን ቀን ወደ ደንገጎ ሽቅብ ስንወጣ ዋልን። ያን ቀን ብዙም አላስታውሰውም፤ የማስታውሰው ተረከዜን ብቻ ነው። ሁለተኛውን ቀን ግን ዓይኔን ጨፍኜ ከጠዋት እስከ ማታ ልሄደው እችላለሁ። ካደርንበት መንደር ጎህ ሲቀድ ስንወጣ ከአፌ ጭስ ሲወጣ አየሁና ጮህኩ። የጅቡቲ ልጅ ትንፋሹን አይቶ አያውቅም። ኃይሉማ ተደመመ፤ ያ ስንት ጊዜ አልመጣ እያለ ያሰቃየው ነገር ይኸው ነጭ ሆኖ ከፊቱ ወጥቶ ሲበተን፣ እየነፋ እያየ፣ እየነፋ እያየ ሌላውን ሁሉ ረሳ። እናቴ ልብሳችንን ሁሉ ደራርባ አልብሳናለች፤ ቢሆንም ልብሳችን የጅቡቲ ልብስ ነውና ሦስቱ ተደራርበው አንድ ሹራብ አይሆኑም። መንገደኛው ሲያየን «የቆላ ሰዎች መጡ» እያለ ይስቅ ነበር።

መንገዱ በሰው ተሞልቷል። በእርከን የተተከለው ጫት በሁለቱም ወገን ሽቅብ ይወጣል፤ በታጨደው ማሽላ መሐል አገዳው ተቆልሎ ቆሟል፤ የኦሮሞ ሴቶች በየመታጠፊያው ቅቅል ድንች በጨውና በሚጥሚጣ ይሸጣሉ፤ የድንቹ እንፋሎት ከእርጥብ አፈር ሽታ ጋር ሲመጣ ሆዴ ይጮሃል። ድንጋይ በትከሻው የተሸከመ ሽማግሌ አለ፣ ያልተጠመቀ ሕፃን ያዘለች እናት አለች፣ ሻሿን እንደ ሐረር ሴቶች ያሰረች፣ ለልጇ የተሳለች እስላም አለች። ማንም ማንን ለምን መጣህ አይለውም። እናቴ ብቻ ሁሉንም ታያለች። ድንቹን ልጣ፣ ለሁለት ከፍላ፣ ውስጡን አይታ ትሰጠናለች። ሽማግሌው ድንጋዩን አውርዶ ሲያርፍ «ደግሞ ሲነሳ ያንኑ ድንጋይ ይሆን የሚያነሳው?» ብላ በጆሮዬ ሹክ አለችኝ፤ ዞሬ ሳይ ያንኑ አነሳ፣ እሷ ግን ቅር ያላት መሰለኝ።

አሰላለፋችን እንዲህ ነበር። ጋሽ መኩሪያ ኃይሉን ትከሻው ላይ አስቀምጦ፣ ዘንቢሉን በቀኝ እጁ ይዞ ከፊት፤ እኔ መሐል፤ እናቴ ከኋላ። ኃይሉ ማፏጨት ሲጀምር ጋሽ መኩሪያ ሳይቆም ቀና ይልና «አሁን በሦስት ቁጥር እየዞርክ ነው፤ ወደ ሁለት አውርደው» ይለዋል። እንደ ማራገቢያ መሆኑ ነው። ልጁ በአፍንጫው ይስባል፣ በአፉ ቀስ አድርጎ ይለቃል። «አሁን አንድ ላይ አድርገው። በርታ! በአንድ ቁጥር ሌሊቱን ሙሉ መዞር ይቻላል።» ፉጨቱ እውነትም ይወርዳል። እኔ ይህን እያየሁ ሰውየውን ወደድኩት፤ እናቴም እያየች ነበር፣ እሷ ግን የምታየው ዘንቢሉን ነው። አንድ ጊዜ ለሽንት ወደ ቁጥቋጦ ሲል ዘንቢሉን ይዞ ሄደ።

«ልያዝልዎ እንጂ» አለችው እናቴ።

«የለም፣ አደራ ከእጅ አይወጣም» አላት።

ወደኔ ዞር ብላ «ሽንት ለመሽናት ዘንቢል ምን ያደርጋል?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እኔም ዘንቢሉን ማየት ጀመርኩ። ጥርጣሬ እንደ ጉንፋን ነው፣ አብሮ ከሚሄድ ሰው ይጋባል። ጠዋት ያላየሁትን ማየት ጀመርኩ፤ ስፌቱ እዚህ ጋ ላላ አላለም? ያ ትልቁ ጥቅል ትናንት ከላይ አልነበረም?

ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትለዝብ ከአንድ መታጠፊያ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ታየ። ሕዝቡ እልል አለ፣ ግማሹ እመንገዱ ላይ ተንበረከከ። ከጅቡቲ አብረውን በባቡር የመጡ፣ እንደኛ የመጀመሪያ ጊዜያቸው የሆነ፣ ስለታቸውን ግን በልማድ ለጋሽ መኩሪያ ዘንቢል የሰጡ ጥቂት ሰዎችም እዚያው ደረሱብን፤ እያለቀሱ ይሳሳማሉ። እናቴም ልትንበረከክ አንድ ጉልበቷን እንዳጠፈች ቀረች። ከፊታችን አንዲት ወፈር ያለች፣ ፊቷ በሳቅ የተሞላ፣ ከጭሮ የመጣች ሴት ቀይ የከፋይ ጥላ ዘርግታ ይዛ ትሄዳለች። ነፋሱ ዘርፉን ያዞረዋል። ወርቅ፣ ወርቅ፣ ወርቅ፣ ከዚያ አንዱ ክንፍ አረንጓዴ።

እናቴ ሄዳ የጥላውን ጫፍ ያዘችና ገለበጠችው። የሐጂ ዩሱፍ ስፌት ነበር። በዚያ የወታደር ሱሪ በሚሰፋበት ወፍራም ክር የተሰፋ ሌላ ጥላ በዓለም ላይ አይኖርም። እኔም አወቅኩት። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ፈገግ እንዳለች ቆማለች። እናቴ ምንም አልጠየቀቻትም፤ ዞረችና ስንት ዓመት እርስዎ ስትለው የኖረችውን ሰው አንተ አለችው።

«አንተ አደራ በላ! የልጄን ትንፋሽ ነው የሸጥከው!»

እልልታው ቆመ። ያ ቃል ከሌባም ይከብዳል፤ ሌባ ሰው ባላየው ነው የሚወስደው፣ አደራ በላ ግን በገዛ እጃችን ሰጥተነው ነው። የኛ ሰዎች ጥላውን አዩ፣ እናቴን አዩ፣ ከዚያ ዘንቢሉን አዩ። ጋሽ መኩሪያ አልተከራከረም። ኃይሉን ከትከሻው ቀስ ብሎ አወረደና ኮቱን አውልቆ አለበሰው።

«አድርሻለሁ» አለ። አንድ ጊዜ ብቻ።

ከጅቡቲ ከመጡት አንዷ «እኔ እንኳ አልጠረጠርኩም፤ ለማንኛውም ግን የኔን ራሴ ላድርስ» አለችው፣ መሬት መሬት እያየች። ከሷ ቀጥሎ ሌላው። ከዚያ ከኛ ሰዎች እዚያ የደረሰው ሁሉ። ጋሽ መኩሪያ ተንበርክኮ የእያንዳንዱን ጥቅል ስፌቱን ወደ ላይ አዙሮ፣ እንዳልተነካ ባለቤቱ እንዲያይ እያደረገ በሁለት እጁ ሰጠ። የቀሩትን፣ ባለቤቶቻቸው ጅቡቲ ያሉትን ደግሞ ከኛው ሰዎች አንድ ሽማግሌ «ለጥንቃቄ ነው» ብሎ ተረከባቸው። ከዘንቢሉ ሥር አንዲት የጡጫ ያህል ቋጠሮ ቀረች፤ የራሱ ነበረች። ምን እንደነበረባት፣ ለማን እንደተሳለም እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ጠርጥሬያለሁ እንጂ።

የጭሮዋ ሴት ነገሩ የገባት ይሄኔ ነው። «የኔ እናት፣ ምን ሆነሻል? እኔ እኮ አምና እዚሁ ጨረታ ላይ ነው የገዛሁት!»

«የምን ጨረታ?» አለች እናቴ።

«የስለት ጨረታ ነዋ! አታውቂም እንዴ?»

እናቴ ተመሳጥረው ነው ብላ አላመነችም፤ እስክታይ ድረስ። ቅጥሩ ውስጥ ስንገባ ጥላው፣ ምንጣፉ፣ መጋረጃው ተራራ አክሎ ተከምሯል። ያ ሁሉ ስለት ይቀመጥ ቢባል ቦታ ስለማይበቃው፣ የገባው እዚያው ይሸጣል፤ የገዛው ደግሞ ለራሱ ስለት መልሶ ያስገባዋል። ያገሩ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። የማያውቀው ስለቱን ሰፍቶ በሰው እጅ እየላከ፣ ራሱ ቦታውን ረግጦት የማያውቅ የጅቡቲ ሰው ብቻ ነው፤ ጋሽ መኩሪያም እንዳይነግረን ስለ ስለት ማውራት አይወድም። ባለ አረንጓዴ ዘርፉ ጥላ ከሴትዮዋ እጅ ወደ ክምሩ ሲገባ አየን፤ ቆየት ብሎ በአንድ የገጠር ሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ከክምሩ ሲወጣም አየን። እናቴ «ደርሶ ነበር፣ ደርሶ ነበር» እያለች መሬት ላይ ቁጭ አለች። የልጇ ስለት መድረሱን በማወቋ ደስታዋ፣ ያደረገችውን በማወቋ ሐዘኗ እኩል መጡባትና አንዱን ከሌላው መለየት አቅቷት ስትስቅም ስታለቅስም ነበር።

ጋሽ መኩሪያን ከቅጥሩ ውጪ፣ ግንቡን ተደግፎ፣ በሸሚዙ ብቻ በብርድ እየተንቀጠቀጠ አገኘነው። እናቴ እግሩ ላይ ወደቀች። አነሳትና «ተይ አስካለ፣ ለልጅሽ ብለሽ ነው» አላት። ነገሩን ዳግም አላነሳውም። የኛ ሰዎች ግን በዚያ አልነበሩም፤ ጥቅሎቻቸውን አስገብተው፣ ከፊሎቹ በመጣው መኪና ተሳፍረው ወደ ድሬዳዋ ወርደዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እኛ ጅቡቲ ጣቢያ ስንወርድ ወሬው ቀድሞን ገብቶ ነበር።

እናቴ ከዚያ በኋላ ያላንኳኳችው በር የለም። ስለ ጨረታው፣ ስለ ክምሩ፣ ስለ ጭሮዋ ሴት ለሁሉም እየዞረች ተናገረች። ሰዉ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማት፣ ለጋሽ መኩሪያም አዘነለት፤ በሚቀጥለው ታኅሣሥ ግን ስለቱን የሰጠው አልነበረም። «አንድ ነገርማ ባይኖር አስካለ ዝም ብላ አትጮህም» ይባባሉ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው የጠርጣሪነት ስሟ እሷ ራሷ ልታፈርሰው የማትችል ምስክር ሆነ። አባቴ ስለ ገንፎው መቀለዱን ያቆመው ያን ጊዜ ነው።

ጋሽ መኩሪያ ማራገቢያችንን መጠገኑን አልተወም። ይመጣል፣ ይጠግናል፣ ከኃይሉ ጋር ስንት ቁጥር ላይ እንዳለ ይጫወታል፣ ያቀረብንለትን ይበላል። ሲወጣ ግን በሩ ላይ ይቆምና የመሣሪያ ዘንቢሉን አፉን ከፍቶ ለእናቴ ያሳያታል፤ ፒንሳው፣ ጠመንጃ መፍቻው፣ ጥቅልል ሽቦው ይታያል። በየሄደበት ቤት ሁሉ እንዲህ ያደርግ ነበር አሉ። በነገር መውጋቱ አልነበረም፣ ፊቱ ላይ ቂም አይታይም፤ ደህና ዋሉ እንደማለት ያለ የመውጫ ደንብ አድርጎት ነበር። እናቴ «ኧረ በገብርኤል ይተው!» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እስኪሞት ድረስ አልተወም። እሷም እስክትሞት ድረስ ያን ዘንቢል አይታ አላበቃችም፤ በመጨረሻው ሕመሟ ጊዜ እንኳ በሩን እያየች «ዘንቢሉን ዝጋው በሉት» ትል ነበር።

ኃይሉ ዛሬ ወደብ ላይ የኮንቴይነር መኪና ይነዳል፤ ሲስቅ ብቻ ትንሽ ያፏጫል። የድሮው ባቡር ቆሟል፣ በአዲሱ ማንም ዘንቢል ይዞ ሲሄድ አላይም። ያጣነውን ልቁጠር ብል ጥላውንም፣ ባቡሩንም፣ እናቴንም አልቆጥርም፤ የምቆጥረው ያን ነውር ነው። ደረሰ ወይ ብሎ መጠየቅ የሚያሳፍርበት ዘመን ነበረን፣ እናቴ በአንድ ጩኸት ቀደደችው፤ ከዚያ ወዲህ መልሶ የሰፋው የለም።

ይህን ሁሉ ለህሊና አልነገርኳትም። መጋረጃውን አጣጥፌ፣ እንደ ድሮው በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ በመርፌ ሰፋሁትና ሰጠኋት። «ፎቶውን ተይው፤ አንቺ ካደረስሽው ይበቃኛል» አልኳት። ደስ አላት፣ እኔም በራሴ ኮራሁ። ንግሡ አለፈ፣ ፎቶም አልመጣም፤ ቃሌን አክብራ ነው። ስልኬን በቀን ስንት ጊዜ እንዳየሁት ግን ገብርኤል ይወቀው።

ትናንት ከሥራ ስትመለስ በሬን አንኳኳች። «አድርሻለሁ፣ እትዬ» አለችኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ በወረቀት የተጠቀለለች ቁንጥር እምነት መዳፌ ላይ አኖረችልኝ። አመሰገንኳት፣ መረቅኳት። ወረቀቷን ፈትቼ ግንባሬን ልቀባ ስል እጄ መንገድ ላይ ቆመ፤ ሳላስበው አመዷን ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ አሸተትኳት።

ቀና ስል ህሊና እያየችኝ ነበር። ቀስ ብላ የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተችና፣ አፉን ወደኔ አዙራ፣ ያልላከችልኝን ፎቶ ልታሳየኝ ስልኳን አወጣች።